የፈረንጅ ቃጫ

ባሕር ዳር ውስጥ ከሩስያውያን ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ፈረንጁ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚደርሰው ነገር ነበር። በግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤታችን ፍሪጅ ደረሰው። ፊት ለፊታችን ያለው የሒሳብ መምህር ብስክሌት አገኘ፤ ፍሬን አልነበረውም እንጂ ደወሉ እስከ ሐይቁ ዳር ይሰማ ነበር። ባሌ በሚያስተምርበት ኮሌጅ አራት ዓመት ከእሱ ጋር አንድ ወርክሾፕ የተጋሩት ሩስያዊ ሲሄዱ ደግሞ እኛ ቤት ቃጫ መጣ።

ባሌ በቀለም ቆርቆሮ እንደተተከለ ታቅፎት መጥቶ፣ ጥርሱ አልከደን ብሎት በሩ ላይ ቆመ። ቅጠሉ እንደ ቀበቶ ረጅምና ደረቅ ነው፤ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። መሃሉ ላይ ቅጠሎቹ ተቃቅፈው ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ሠርተዋል። የባሌን የሸሚዝ እጅጌ ሁለት ቦታ ቀዶታል።

«ፍሪጃቸውስ?» አልኩት።

«ተሸጠ። ይኼን ግን ሚስትየዋ ለአንቺ ብላ ነው የሰጠችኝ።»

አይታኝ የማታውቅ ሴት ለእኔ ያላትን ግምት በዚህ አወቅኩ።

ሴትዮዋ በእጇም በአፏም እያስረዳች ባሌን አስጠንቅቃዋለች። ውሃው አፈሩ ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ባለው ጉድጓድ ይጨመር። መጋረጃ እንዳይጋርደው፣ ጠዋትም ከሰዓትም ፀሐይ ይምታው። ፀሐይ ሲጠግብ ቅጠሉ ይቀላል፤ ካልቀላ ደስ አላለውም ማለት ነው። በዚያን ዘመን ደስታውን በቀይ ቀለም የማይገልጽ ሁሉ ያጠራጥር ስለነበር፣ ተክሉም እንዲህ መሆኑ አልደነቀኝም።

እኔ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። «ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ትእዛዙ አልከበደኝም። በረንዳችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይለየውም። ቆርቆሮውን ደረጃው አጠገብ አኖርኩት፤ በየሦስት ቀኑ ጉድጓዱን በስኒ ውሃ እሞላለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ከመሃሉ ጀምሮ እንደ በርበሬ ቀላ። የአናናስ ዘመድ መሆኑንም ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አገላብጬ ደረስኩበት። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳላየው ሥራ አልሄድም፤ ለባሌ እንኳ ይህን ያህል አላደርግም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ባሌ ዘጌ ሄዶ እናቱን ይዞ መጣ። አማቴ የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው መነኮሱ፤ ስለዚህ ልጃቸውም እኔም «እማሆይ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸው፣ የሰው ቅርጽ እንጂ ፊት አይለዩም። በዚያ ሰሞን ድስት ሊያወጡ ብለው እጃቸውን እሳት ላይ አሳርፈው ኖሯል፤ ባሌ ይህን ሲሰማ ነው ደንግጦ የሄደው። ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙ «ሞራው ይብሰልና ይነሣል» አለ፤ መቼ እንደሚበስል ግን አልተናገረም። ባሌም «እንግዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ» ብሎ ወሰነ። እማሆይን የጠየቃቸው የለም። እኔንም የጠየቀኝ የለም።

እማሆይ ተወልደው ያረጁት ዘጌ ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ ቡናው የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው፤ ጌሾውም ሎሚውም ሰውም እንዲሁ። ዛፍ መቁረጥ ነውር፣ ማረስም ነውር በሆነበት በዚያ አገር ሰማይ በደንብ የሚታየው ውሃው ዳር ሲወጡ ብቻ ነው። እማሆይ ዘንድ ፀሐይ ከወባ ጋር አብሮ የሚነሣ የሜዳ በሽታ ነበር፤ ጥላ ደግሞ የጤና ሁሉ መጀመሪያ።

በመጡ ማግስት በረንዳው ላይ አስቀምጫቸው ወንበራቸውን ለማስተካከል እጃቸውን ሲዘረጉ ቃጫው ወጋቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አበባ ነው እማሆይ።»

«አበባ እሾህ ምን ያደርግለታል? ቃጫ ነው እንጂ።»

«የፈረንጅ ነው።»

«የፈረንጅ ቃጫ» አሉ፤ ስሙም በዚሁ ጸና። ቅጠሉን ጫፍ ጫፉን እየዳሰሱ ቆዩና፣ «እንዴት ሞቋል! ምን በድሏችሁ ነው ፀሐይ ላይ ያሰራችሁት?» አሉኝ።

«ፀሐይ ይወዳል እማሆይ።»

«ማን ነገረሽ?»

«የሰጡን ሩስያውያን።»

«እነሱ አገር በረዶ ነው አይደል የምትሉኝ? በበረዶ የኖረ ሰው ስለ ፀሐይ ምን ብሎ ያስተምራል?»

መምህርት ነኝ፤ በክፍሌ እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ወንበራቸውን ከእሾሁ ራቅ አድርጌላቸው ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ ተጀመረ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እማሆይ በግድግዳው እየተመሩ ይወጡና፣ ቆርቆሮውን አቅፈው ሳሎን ያስገቡታል። ምሳ ሰዓት መጥቼ አወጣዋለሁ። ከሰዓት ይገባል፤ አመሻሽ ላይ ይወጣል። ያን ያህል የተንቀሳቀሰ ፍጡር በከተማው ውስጥ ቢኖር የፖለቲካ ካድሬ ብቻ ነው። ሳሎኔ እንደ ማንኛውም ደመወዝተኛ ቤት ሳሎን ነው፤ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዶበት፣ ዳንቴል የለበሰ ሶፋና ትልቅ ቡፌ ተደርድሮበት፣ እንግዳ ካልመጣ ብርሃን የማይገባበት። እማሆይ ከቤታችን ሁሉ የወደዱት ያንን ጨለማ ነው።

ባሌን ዳኛ ብለን ራት ላይ አቆምነው። እንጀራውን ጠቅልሎ እየጎረሰ ሁለታችንንም በተራ አዳመጠና፣ «ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ» አለ። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ የሚቀመጥ ሰው ሌላ ምን ይማራል?

ጦርነቱ ያበቃው በእኔ መሸነፍ ነው። አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ እማሆይን በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆርቆሮውን ታቅፈው ሲገቡ ደረጃው ስቷቸው ወድቀው፣ ጉልበታቸው ተልጧል። ቃጫውን ግን አልጣሉትም፤ እሾሁ ክንዳቸውን ጭሮታል። «አልተሰበረም» አሉኝ በኩራት። ጉልበታቸውን አጠብኩላቸውና ቆርቆሮውን ራሴ ወስጄ ሶፋው ኋላ፣ ጥጉ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ተክል ለማቅላት ብዬ አንዲት ዓይነ ስውር መነኩሴ ልገድል አልችልም።

ቃጫው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መክሳት ጀመረ። ቀዩ ሄደ፣ አረንጓዴው ገረጣ፤ ቅጠሎቹ ረዝመው እንደ ደከመው ሰው ክንድ ተንጠለጠሉ። እማሆይ ጠዋት ጠዋት እየዳሰሱት «ለስልሷል፣ ተመቸው» ይላሉ። እኔ ክፍል ውስጥ «ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ነው» ብዬ እጽፋለሁ።

እሳቸውም ግን አልተመቻቸውም ነበር። ውጭ እንዳይወጡ ብርሃኑ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል፤ የጎረቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ጨረር፣ የነጩ ግድግዳ ነጸብራቅ እንባ በእንባ ያደርጋቸዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከቡፌው፣ ከሶፋው፣ ከበሩ ጋር ይጋጫሉ። በየሳምንቱ እሑድ ልጃቸውን «መቼ ነው የምትወስደኝ?» ይሉታል። እሱም «ይደርሳል እማሆይ፣ ምን ያስቸኩልዎታል?» ይላቸዋል። ለእኔ ብቻዬን ስንሆን እውነቱን ይነግረኛል፦ «እናቱን ጫካ ጣላት ልባል ነው?»

በዚህ መሃል የወባ ሰዎች መጡ። በጀርባቸው የፀረ ወባ መድኃኒት መርጫ አዝለው ሲመጡ እንደተለመደው ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ቃጫውም ከሶፋው ጋር ወጣ። ከሰዎቹ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ አጎንብሶ አየና ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም አጎንብሰው አዩ። ውሃው ውስጥ ጥቃቅን ነገር ይዋኛል።

«እመቤት፣ እዚህ ቤት የወባ ትንኝ ታረባላችሁ እንዴ?» አለኝ።

ቃጫው የሕዝብ ጤና ጠላት ተብሎ ተፈረጀ። ውሃው ተደፋ፤ ሁለተኛ ጠብታ እንዳይገባበት፣ ተመልሰው መጥተው እንደሚያዩ ተነገረኝ። እማሆይ ደጅ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። «ይኸው መንግሥትም አልወደደውም» አሉ፤ ደርግን ሲደግፉ ስሰማቸው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጊዜ ነበር። ፀሐይ በእማሆይ ታገደ፣ ውሃ በመንግሥት ታገደ፤ እንግዲህ የቀረው ቀብሩን መጠበቅ ነው ብዬ ቁርጤን አወቅኩ።

የላብ አደሮች ቀን ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ከቀበሌ አንድ ጓድ መጣ። እማሆይን ለመሠረተ ትምህርት ሊመዘግብ ነው። ዓይናቸው እንደማያይ ነገርኩት። ትምህርት ዕድሜም ሆነ ሌላ ነገር እንደማይገድበው፣ ቀበሌያችን ከመሃይምነት ነጻ ሊባል አንድ ሰው ብቻ እንደቀረው አስረዳኝ። ያቺ አንዷ እማሆይ ናቸው።

«ማንበብ ነው የምታስተምሩኝ?» አሉት እማሆይ በትሕትና። «አባቴ እንዲህ አስተምሮኝ ነበር። ትክክል እንደሆነ ስማኝ እስቲ።» ከዚያም በቃላቸው የያዙትን ጸሎት በግዕዝ ጀመሩ። ጓዱ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ ደብተሩን አጠፈ። እማሆይ አላቆሙም። ጸሎት እየተደገመ ብድግ ብሎ መሄድ፣ አብዮተኛም ቢሆን የእናቱ ልጅ ነውና አልሆነለትም። ሲጨርሱ «በቂ ነው እናቴ» አለና ሊወጣ ሲል ዓይኑ ሶፋው ኋላ አረፈ።

«ይህ ነው ከሶቪየት ጓዶች የተሰጣችሁ ተክል?»

ከተማው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። የወዳጅነት ምልክት ስለሆነ ለበዓሉ መድረክ እንደሚፈለግ፣ ለሦስት ቀን ብቻ እንደሚዋሱት ነገረኝ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረ። «በደስታ» አልኩ።

ቀበሌው አዳራሽ በረንዳ ላይ፣ ባንዲራው ሥር አስቀመጡት። መጋረጃ የለም፣ ዛፍ የለም፣ እማሆይ የሉም። በዓሉ አለፈ፣ ባንዲራው ታጠፈ፣ ቃጫው እዚያው ተረሳ። አዳራሹን የሚጠብቁት ሽማግሌ የወባን አዋጅ አልሰሙ ኖሮ፣ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ የተረፋቸውን ውሃ መሃሉ ላይ ይደፉበታል። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ በዚያ በኩል አልፋለሁ። በሳምንቱ ቅጠሉ ቀና አለ። በሁለተኛው ሳምንት መሃሉ ላይ ትንሽ ቀይ አየሁ። ባሌ «ለምን አትጠይቂያቸውም? ሦስት ቀን አላሉም?» ሲለኝ፣ «ጓዶች ሥራቸውን ይጨርሱ» አልኩት። በሕይወቴ የቀበሌን ዝርክርክነት ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ ሽማግሌው ራሳቸው አምጥተው ደጃችን ላይ አኖሩት፤ ካፖርታቸውን ስለቀደደባቸው ሁለተኛ ሊያዩት እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ቀበሌው ከየቤቱ ከወሰደው ነገር ሁሉ፣ ከሄደበት ተሽሎ የተመለሰ ይህ ቃጫ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቀልቷል፤ ጠንክሯል፤ ከጉድጓዱ መሃል ደግሞ የጣት ጫፍ የሚያህል ሮዝ ነገር ብቅ ብሏል።

እማሆይ አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። ቅጠሉን አንድ በአንድ ዳሰሱት፤ ጫፉን ይዘው አጠፍ አድርገው ለቀቁት።

«ከሯል» አሉ። «ምን አደረጉለት?»

«ፀሐይ ላይ ረሱት እማሆይ።»

ይህቺን ቀን ስንት ወር ስጠብቃት ነበር። የምለውንም አዘጋጅቼ ነበር፤ በረዶ ያልሽኝ፣ ጥላ ያልሽኝ እያልኩ በሆዴ የደረደርኩት፣ በአፌ ግን በእርስዎ የማስተካክለው። እማሆይ ግን ቅጠሉን መዳሰሳቸውን ስለቀጠሉ፣ እኔ ራት ልሠራ ገባሁ።

ራት ላይ ልጃቸውን ጠሩት። እንደተለመደው አፉ ሙሉ ነበር።

«ይህን ቃጫ ጥላ ውስጥ አስሬ ልገድለው ነበር» አሉት። «ክፉ አስቤ አይደለም። እኔን ያኖረኝ ጥላ ስለሆነ እሱንም የሚያኖረው መስሎኝ ነው። ሚስትህ ነገረችኝ፣ አልሰማኋትም። አንተም እንዲሁ ነህ ልጄ። ክፉ አላሰብህም።»

ባሌ ማላመጡን አቆመ።

«እዚህ ዕውር ነኝ» አሉ እማሆይ። «እዚያ ግን እግሬ ያያል። የዛፉን ሥር አውቀዋለሁ፣ ድንጋዩን አውቀዋለሁ፤ ወደ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ። እጄን እሳት ውስጥ ከተትሁ ብለህ አመጣኸኝ። እዚህ መላ ገላዬ ከዕቃ ጋር ሲጋጭ ይውላል።»

«እማሆይ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አሉት፤ ረጋ ብለው ነው የተናገሩት።

እዚህ ላይ አንጀቴ ተላወሰና ተንበርክኬ ለመንኩላቸው ብል ደስ ባለኝ። እንደዚያ አልሆነም። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ከሄዱ በረንዳዬ ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ ነው። ቀጥሎ ያሰብኩት ስለ ሳሎኑ ጥግ ነው። ሐዘኔታ የመጣችው በማግስቱ ጠዋት ነው። እማሆይ ግድግዳውን እየዳሰሱ ሲሄዱ ትከሻቸው ቡፌውን መታው፤ ዞር አሉና በቀስታ «ይቅርታ ልጄ» አሉት። እኔ የቆምኩ መስሏቸው ነው። በሩ ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ ድምፄን ማሰማት አፈርኩ። ስድስት ወር ሙሉ ቡፌውንና እኔን የሚለዩበት ነገር አለመስጠቴ አንገበገበኝ።

ባሌን ያዝኩት። የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ በጀልባ ማምጣት እንደሚቻል፣ የእህታቸው ልጅ ከአጥራቸው ማዶ ስለምትኖር እሳቱን እሷ እንደምትይዝላቸው፣ ሌላም ሌላም ነገርኩት። «ጉዳዩ ይጠናል» አለኝ። ሚስትህ ነኝ እንጂ ስብሰባ አይደለሁም ስለው፣ «ቢሆንም ይጠናል» አለ። ጥናቱ ክረምቱን በሙሉ ፈጀ።

በዚያ ክረምት ቃጫው አበበ። ሮዝ ዘንግ መዝዞ፣ በመሃሉ ጥቃቅን ሰማያዊ አበቦች አወጣ። ፍሪጅ የደረሰው ጎረቤታችን ሳይቀር መጥቶ ቆሞ አየ፤ ፍሪጁ ተበላሽቶበት ስለነበር ያለ ቅናት አስተናገድኩት። እማሆይ በጣታቸው ቅርጹን አጠኑትና፣ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔም የምችለውን ያህል ነገርኳቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ግን አበባው ደረቀ፤ ከዳር ያሉት ቅጠሎችም ቡናማ እየሆኑ መውደቅ ጀመሩ። ፀሐይ አለ፣ ውሃ አለ፤ የወባ ሰዎችም አልተመለሱም። ምን በደልኩት ብዬ ተጨነቅኩ። እማሆይ ቆርቆሮውን አስቀርበው ሥሩን በጣታቸው ሲፈትሹ ቆዩ።

«ወልዷል» አሉ። «ሁለት ናቸው። እናቲቱ ትሄዳለች፤ እንደ ሙዝ ነው። አንድ ጊዜ ታፈራለች፣ ልጆቿን ትታ ትደርቃለች። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

መጽሐፌ ይህን አልነገረኝም ነበር። ሙዝ በየጓሮው ባለበት ከተማ እየኖርኩ የሳይንስ መምህርቷ ሳላስበው፣ የጥላዋ መነኩሴ አወቁት። ከዚያ ፊታቸውን ልጃቸው ወዳለበት አዙረው፣ «አንዱን ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ። «ስሄድ» ያሉት፣ ነገሩ ድሮ ያለቀ ይመስል ነው። ባሌ እኔን አየኝ፤ እኔ ቃጫውን አየሁ። «ለቡና ለቀማው ብቻ ከሆነ... ለጊዜው» አለ። ጥናቱ በዚህ ተጠናቀቀ።

በጥቅምት እኔ ነኝ በጀልባ ያደረስኳቸው። ትንሿን ቃጫ በዱቄት ወተት ጣሳ ተክዬላቸው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አውርደው ተቀመጡ። «እማሆይ፣ ፀሐይ» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። ዘጌ ስንወርድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ዛፎቹ ሥር ስንገባ እጃቸውን አንሥተው ከፊቴ አለፉ። ሥር ላይ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ድንጋይ እየረገጡ ይሄዳሉ፤ «እዚህ ጋ ጎንበስ በይ፣ ቅርንጫፍ አለ» ይሉኛል። ቅርንጫፉ ከነገሩኝ በኋላ ነው ግንባሬን የመታኝ።

የቀረችውን ቃጫ በረንዳዬ ላይ አሳደግኩ። የእሳቸው ግን በሳምንቷ እንደምትሞት እርግጠኛ ነበርኩ። ያን ሁሉ ዛፍ አይቻለሁ፤ ቀትር ላይ እንኳ እንደ ሳሎኔ ነው። ከገና በፊት በሰው እጅ ቡና ሲልኩልን «ቃጫዋ ደኅና ናት በላት» ብለው መልእክት አስይዘው ነበር። ሳቅኩ። መነኩሴ ለሰው ደስታ ሲል ትንሽ ቢዋሽ ንስሐው ቀላል ነው አልኩ።

የካቲት ውስጥ ባሌ ሥራ ስለያዘው ብቻዬን ልጠይቃቸው ሄድኩ። በጀልባው ላይ የምለውን አሰናድቼ ነበር፤ ስለ ሙዝ ያስተማሩኝን በሙሉ ስለ ፀሐይ የምመልስበት፣ ሳቅ ያለበት አነጋገር። ጎጇቸው ደጃፍ ስደርስ አልነበሩም። የእህታቸው ልጅ ከአጥሯ ማዶ አየችኝና በአገጯ ወደ ታች አመለከተችኝ። «ፀሐዩ አሁን እዚያ ነው» አለችኝ።

ነገሩን እሷ ነገረችኝ። እዚያ ጫካ ውስጥ ፀሐይ የሚወርደው በቁራጭ ቁራጭ ነው፤ እሱም ቦታ ይለዋውጣል። እማሆይ ጠዋት ጣሳዋን ይዘው ይወጡና መሬቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ የሞቀውን ቦታ ይፈልጋሉ። እዚያ ያኖሯታል። ሲቀዘቅዝ ሌላ የሞቀ ይፈልጋሉ። ትተዋት እንዳይገቡ ጦጣዎች ሁለት ጊዜ ነቅለው ጥለዋት ነበር፤ ስለዚህ ዱላ ይዘው አጠገቧ ይቀመጣሉ። «ዓይናቸው እያነባ ተዉት ብላቸው እምቢ አሉኝ» አለችኝ። «የአደራ ነው ይላሉ።»

ወረድኩ። እማሆይ ጉቶ ላይ፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለው፣ ፀሐይ መሃል ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠቁሯል፤ በነጠላው ሥር እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ደርቆ መስመር ሠርቷል። ከፀሐይ ሽሽት ከከተማ የወጡት ሴትዮ እኒህ ናቸው። ጣሳዋ እግራቸው ሥር ናት።

በእርምጃዬ አወቁኝ። እግዜር ይመስገን ተባብለን ጤና ከተጠያየቅን በኋላ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ደግ መጣሽ» አሉኝ። «የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። እኔ ቅጠሏ መክረሩን እንጂ ቀለሟን አላይም። የእህቴ ልጅ ቀልታለች ትለኛለች፤ እኔን ለማስደሰት እንደሆነስ ምን አውቃለሁ? አንቺ ግን አፍሽ ክፉ ነው። ሰው አታባብይም። ቀልታለች ወይ?»

በጀልባ ያሰናዳሁትን ትቼ ጎንበስ አልኩ። ቃጫዋን አየሁ። ከመሃሏ እስከ ቅጠሏ ጫፍ ቀልታለች፤ የእኔዋ ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳ ላይ ውላ እንዲህ አልቀላችም።

«ቀልታለች እማሆይ» አልኳቸው። «የእኔዋ እንኳ እንዲህ አልቀላችም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጣሳዋ ዙሪያ መሬቱን ዳሰሱ፤ በአንድ በኩል ቀዝቅዞ ኖሯል፣ ጣሳዋን ስንዝር ያህል ወደ ሞቀው ገፉ። እኔም ለእሳቸው እዚያው አጠገቧ ጥላ ያለበት መቀመጫ ልፈልግ ተነሣሁ።